ሣጥኑ የማን ነው? ስለ ቤት ውስጥ የቪዲዮ ማዕከል አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከቴሌቪዥን ሥር የምትቀመጥ፣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማትበልጥ የፊልም ማጫወቻ ሣጥን ምን ታሪክ አላት ትሉ ይሆናል። ዕድሜዋ በእርግጥ አጭር ነው። ሆኖም በዚህ አጭር ዘመን ለሙያችን እጅግ የቀረበ አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፤ በቤታችን የምናየው ምስል ተከማችቶ የሚኖረው በማን እጅ ነው?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስቦክስ የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ በአሜሪካ በ299 ዶላር ለገበያ አቀረበ። 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩና 64 ሜጋባይት ሜሞሪው በዛሬ ሚዛን ኢምንት ናቸው። ነገር ግን ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ ከቴሌቪዥንም ጋር ይገናኝ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የአምራቹን መቆለፊያ አልፈው የራሳቸውን ማጫወቻ ሶፍትዌር ጻፉለት፤ በ2004 «ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር» በሚል ስም የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም ወጣ። ሶፍትዌሩ ከጊዜ በኋላ ከተወለደበት መሣሪያ ተላቀቀ፤ በ2014 ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን ኮዲ የሚለውን ስም ያዘ። ፕሌክስም ከዚሁ ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። በኋላ አንዳንድ ነጋዴዎች በሕገወጥ መንገድ ፊልም የሚያወርዱ ሣጥኖችን በዚህ ስም መሸጣቸው ስሙን አጉድፎታል፤ ይህ ግን የሶፍትዌሩ አዘጋጆች ራሳቸው የተቃወሙት ነገር ነው።

ዋጋውን ያወረደው ለዚህ ዓላማ ያልታሰበ ሰሌዳ ነበር። በ2012 ከካምብሪጅ የወጣው ራስቤሪ ፓይ የታሰበው ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩበት ሲሆን፣ አንደኛው ሞዴል በ35 ዶላር ይሸጥ ነበር። 700 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው። ነገር ግን በዚያው ቺፕ ላይ የተጨመቀ ቪዲዮን የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል ስለነበረ፣ ዋናው ፕሮሰሰር ሳይደክም ጥራት ያለው ፊልም ማሳየት ቻለ። ለዲቪዲ የሚያገለግለውን የኤምፔግ ሁለት ፈቃድ ግን ዋጋው እንዳይንር ከሰሌዳው ለይተው ሸጡት።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013፣ ጉግል ክሮምካስትን በዚያው በ35 ዶላር አወጣ። እኩል ዋጋ ያላቸው እነዚህ ሁለት ዕቃዎች በጠባያቸው ፍጹም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ሲሰኩበት ኢንተርኔት ባይኖርም ያጫውታል። ሁለተኛው ማጠራቀሚያ የለውም፤ ምስሉ የሚመጣው በኔትወርክ ሲሆን፣ በዋናነት የታሰበው በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ላለና ባለቤቱ በፈለገው ቀን ሊያነሣው ለሚችል ፊልም ነው። በእኔ ፍርድ የሣጥኑ ታሪክ ወሳኝ መታጠፊያ ይህ ነው፤ ከቤት መዝገብነት ወደ ኪራይ መስኮትነት።

ነገሩ እኛን ለምን ይመለከታል? ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ሲላኩ የኖሩትን የሠርግ፣ የክርስትናና የልቅሶ ካሴቶች አስቡ። አሜሪካ የኤንቲኤስሲ፣ ኢትዮጵያ የፓል ሥርዓት ተከታዮች ስለነበሩ፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ የሌለው ቤተሰብ ከዋሽንግተን የመጣለትን ካሴት በወጉ ማየት አይችልም ነበር። ዛሬ ደግሞ ዴኩም ካሴቱም እያረጁ ነው። የስደታችን ማኅበራዊ ታሪክ ያለበትን ይህን ምንጭ የትኛውም የፊልም አከራይ ድርጅት አያስቀምጥልንም።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከዴኩ የሚወጣውን ምስል በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ አቋራጭ የለውም። ከዚያ ሊብሬኤሌክ የተባለውን፣ ኮዲን ይዞ የሚነሣውን ነጻ ሥርዓት በሜሞሪ ካርድ ላይ ጭኖ ሰሌዳው ላይ መሰካት፣ ሰሌዳውንም በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ነው። የቆዩት ሰሌዳዎች ለውጫዊ ሃርድ ዲስክ በቂ ኃይል ስለማይሰጡ፣ የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው ዲስክ ይመረጣል።

የታሪክ ባለሙያ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩ አንድን ፊልም የሚለየው ስሙንና ዓመቱን ይዞ በኢንተርኔት የመረጃ ቋት በመፈለግ ነው፤ የአያታችሁ ምስክርነት በዚያ ቋት ውስጥ የለም። ስለዚህ ከቪዲዮው ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው የመግለጫ ፋይል ራሳችሁ ጽፋችሁ በአጠገቡ ታኖራላችሁ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን ቀረጸው። የዓመቱ ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በእኛ አቆጣጠር በ1987 የተደገሰ ሠርግ ያለ ማብራሪያ «1987» ተብሎ ከገባ፣ ከሌሎቹ ፊልሞች መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይደረደራል። በዓመቱ ቦታ የአውሮፓውያኑን፣ በመግለጫው ውስጥ ሁለቱንም ጻፉ።

ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ የአማርኛ መግለጫ መጻፍ አያስቸግርም። ሞክሼ ሆሄያት ግን ያስቸግራሉ፤ ለኮምፒውተር «ሠርግ» እና «ሰርግ» ሁለት ቃላት ናቸውና፣ በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው የፈለገ ላያገኘው ይችላል። አንድ ቤተሰብ ከመጀመሪያው አንዱን አጻጻፍ መርጦ ይጽና። ምሁራን ለዘመናት የተከራከሩበትን ጉዳይ አንድ ባለ ሣጥን በአንድ ምሽት እንዲወስን መጠየቄ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የዲስኩ ሁለተኛ ግልባጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ዲስክም እንደ ካሴቱ ያረጃል። ካሴቶቹንም ከገለበጣችሁ በኋላ አትጣሏቸው፤ ሽፋናቸው ላይ በእጅ የተጻፈው ስምና ቀን በቪዲዮው ውስጥ አይገኝም።

ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።