በተራራ ግርጌ ምድር ስለ ምን ትናወጣለች?

ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ካርቱም የቆመችው በሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ ታላቅ ተራራ በአቅራቢያዋ አይገኝም። ሆኖም ሐምሌ 25 ቀን 1985 ዓ.ም. ምድር ተናውጣ ነዋሪዎቿን አስደነገጠች። ርእደ መሬትን የተራራ አገር ዕዳ አድርጎ የተማረ ሰው በዚህ ነገር ግራ ይጋባል። ግራ የሚያጋባውም ምክንያቱን ከተራራው መፈለጉ ነው፤ ተራራውን ከፍ ያደረገውና ምድርን የሚያናውጠው ኃይል አንድ ነውና።

ይህንን ለመረዳት የኢትዮጵያን ደጋ ምሥራቃዊ ግርጌ መመልከት ይበቃል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ቁልቁል የሚያየው ቆላ፥ በዘመናት ብዛት ተሰብሮ የሰመጠ ምድር ነው። ዓረብና አፍሪቃ በአፋር በኩል ስለሚራራቁ የመሬት ቅርፊት ይሳባል፥ ይሳሳል፥ በደጋውም ዳር ይሰበራል። በስብራቱ ግራና ቀኝ ያለው አለት ተያይዞ ለብዙ ዘመን ጉልበት ያጠራቅማል፤ በድንገት ሲላቀቅ ግን አገር ይናወጣል። የሂማልያ ግርጌ ነገር የተለየ ነው። በዚያ የህንድ ምድር ወደ ሰሜን እየገፋች ከእስያ ጋራ ትጋጫለች፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በኔፓልና በቢሃር ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው ርእደ መሬት ከዚህ ግፊት የመጣ ነው። መሳብም ሆነ መገፋት፥ ስብራቱ የሚበዛው ተራራና ሜዳ በሚዋሰኑበት ስፍራ ነው። ከተራራው እየታጠበ የወረደው ልል አፈር ደግሞ መናወጡን ያጎላዋል፤ ሰውም ውኃና ለም መሬት ፈልጎ የሚሰፍረው በዚሁ አፈር ላይ መሆኑ ያሳዝናል።

በግንቦት ወር መጨረሻ 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ አገር በተከታታይ ተናወጠ። ከሁሉ የበረታው ርእደ መሬት መጠኑ ከ6 በላይ ነበረ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም እጅግ ብዙ ቤት ወደቀ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበርና መሥራቹ አባ ፒየር ጉዌን ነገሩን መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪቃ ቀንድ የርእደ መሬት ታሪክ መጽሐፋቸውም ይህንን ጥፋት ይዘግባል።

ወደ ካርቱም ስንመለስ፥ በሱዳን ሜዳ ሥር ዳይኖሶሮች በነበሩበት ዘመን የተከፈቱ ስምጥ ሸለቆዎች አሉ። ደለል ስለ ሞላቸው ከላይ አይታዩም፤ አሮጌው ስብራት ግን አልጠገገም። በ1959 ዓ.ም. መስከረም ወር በኮርዶፋን ጀበል ዱምቤር ምድር ተናውጣ ነበረ፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ተራው የካርቱም ሆነ።