ከርሠ ምድር

«ከርሥ» በግዕዝ ሆድ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ከርሠ ምድር» የምድር ሆድ ሲሆን፣ የቀደሙትን ሰዎች ቅሪት ፈልጎ ማውጣትም «የከርሠ ምድር ቁፋሮ» ይባላል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በጥንቱ በጌምድር፣ እንደ ላስታው ደብር ላሊበላ ተብሎ በሚጠራ ዋሻ፣ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉት አጥኚ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ባስቆፈሩ ጊዜ፣ ከ2000 ዓመት በላይ ያስቈጠረ የገብስ፣ የባቄላና የሽንብራ ቅሪት፣ ከከብት አጥንት ጋራ ተገኝቷል። እንግዲህ ዜና መዋዕለ ነገሥት የማያነሣው፣ ስሙም በብራና ያልሰፈረው የደጋ ገበሬ ምን ይዘራ፣ ምንስ ይመገብ እንደ ነበር የሚመሰክርልን ይኸው ከርሥ ነውና፣ ዛሬ በዚያው በበጌምድር በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ የሚዘራው ወገናችን፣ ማረሻው የጥንት ሸክላ ወይም አጥንት ቢያወጣለት፣ ሳይሰብርና ሳይበትን ለሚመለከተው ያሳይ ዘንድ ይገባዋል።