የደም ስኳር መጠን በአንጎል ምት ሕሙማን ፈውስ ላይ ስላለው ሥልጣን

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ፣ ዴራንና ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ ደጋ የሚወጣው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ይሁን እንጂ በዴራ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉት የዶዶታ ቀበሌዎች እኩሌታ አካሉ በድንገት የዛለበት፣ አንደበቱም የተያዘበት ሰው፣ ቁልቁል ወደ አዳማ ይወሰድ ወይስ ሽቅብ ወደ አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂድ ተብሎ ዘመድ ሲመክር፣ መኪናም ሲፈለግ፣ አንዳንዱም «ቆይቶ ይለቀዋል» እያለ ሲያዘገይ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅምበት ሰዓት ያልፋል።

ይህ መድኃኒት አልቴፕላዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣው፣ 624 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ሕማሙ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን በደም ሥር የተቀበሉት፣ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉድለት ወይም በጥቂት ጉድለት የመገኘት ዕድላቸው ካልተቀበሉት ቢያንስ በ30 በመቶ እንደሚበልጥ አስረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ሰዓቱን ወደ አራት ተኩል አራዘመው። በረከቱ ግን ያለ ፍርሃት የሚቀበሉት አልነበረም፤ ሕመምተኛውን የሚጎዳ የአንጎል መድማት ባልተቀበሉት ዘንድ 0.6 በመቶ ሲሆን በተቀበሉት ዘንድ 6.4 በመቶ ደርሷልና፣ ምቱ ከደም መርጋት እንጂ ከመድማት አለመምጣቱን አስቀድሞ በሲቲ ስካን መለየት ግድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒቱን ለዚህ ሕማም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አግብቶታል፤ በዝርዝር መግባትና በአርሲ መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት በማናቸውም ሕመምተኛ ዘንድ ውጤቱ የግድ ሊታወቅ የሚገባው የደም ምርመራ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የስኳር መጠን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላማይድ ውጦ፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን እህል ሳይቀምስ የዋለ የስኳር ሕመምተኛ፣ ስኳሩ በዴሲሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ሲወርድ፣ ልክ እንደ አንጎል ምት እኩሌታ አካሉ ሊዝል፣ ንግግሩም ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው በደም ሥር የሚገባ ስኳር ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋል፤ የደም ማሟሟቻው መድኃኒት ግን ምንም ሳይጠቅመው ለመድማት አደጋ ብቻ ያጋልጠዋል።

በሌላው ወገን የስኳር መብዛት አለ። በ1995ቱ ጥናት የተሳተፉት ሕሙማን መረጃ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ሲመረመር፣ በመግቢያ ሰዓት ስኳራቸው ከፍ ያለው መልካም ፈውስ የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ፣ የአንጎል መድማታቸውም የበዛ ሆኖ ተገኘ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ለዚህ ከአንድ በላይ መንገድ ያሳያሉ፤ የበዛ ስኳር የረጋ ደምን የማሟሟት ኃይል የሚገታውን ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ኦክስጅን ባጣው የአንጎል ክፍል ስኳሩ ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ ሕዋሳቱን ያቃጥላል፤ የተዘጋው ደም ሥር በተከፈተ ጊዜም በደምና በአንጎል መካከል ያለው መጋረጃ ሳስቶ ደም ያፈስሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች፣ ሐኪሞችም ሳይቀሩ፣ ቸኩለው «እንግዲያስ ስኳሩን በፍጥነት ማውረድ ነው» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳዩ የሚጠጥረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ታላቅ ምት ያገኘው አካል በድንጋጤው ኮርቲዞልና አድሬናሊን ስለሚረጭ፣ የስኳር ሕማም ኖሮበት በማያውቅ ሰው እንኳ ስኳሩ ይወጣል፤ ስለዚህ የምናየው ጢሱ ይሁን እሳቱ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ 933 ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናት በኢንሱሊን ማውረዱ ጥቅም እንዳለው አላሳየም፤ ነገር ግን ተሳታፊ በዝግታ ይገኝ ስለ ነበር ሳይሞላ የቆመ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የወጣውና 1,151 ሕሙማን ያካተተው ጥናት ይበልጥ ይመዝናል፤ ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደም ማሟሟቻውን የተቀበሉ ነበሩና። በአንዱ ወገን ስኳር ከ80 እስከ 130፣ በሌላው ከ80 እስከ 179 እንዲሆን ተደርጎ፣ በሁለቱም መልካም ፈውስ ያገኙት ከመቶ 21 ገደማ ሆኑ፤ ስኳራቸው በጽኑ የወረደባቸው ግን አጥብቆ በተያዘው ወገን ብቻ፣ ከመቶ 2.6 ናቸው። የተለመደው መመሪያም ከ140 እስከ 180 ባለው መካከል እንዲጠበቅ፣ ከ60 በታች የወረደው ወዲያው እንዲታከም ያዝዛል።

ይህ ለዴራ የሚለው ነገር ከአልቴፕላዝ ይልቅ ስለ ጣት ጫፍ ምርመራ ነው። በአገራችን የደከመ ሕመምተኛ ሁሉ «ግሉኮስ ይሰካለት» የሚል ልማድ አለ፤ ቤተ ሰቡም ለጉልበት ብሎ ይለምናል፤ ስኳሩ ሳይለካ የተሰቀለው ጠርሙስ ግን፣ ምት ባገኘው ሰው ላይ፣ ከላይ የተነገረውን ጉዳት በገዛ እጅ ማባባስ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ ዝቅ ብሎ ካልተገኘ ፈሳሹ የጨው ውሃ ቢሆን ይሻላል፤ መዋጥ የተሳነው ሰው አፍ ውስጥ ማር ወይም ስኳር በውኃ መጨመርም ወደ ሳንባ ሊያስገባው ይችላልና መተው አለበት።

የላኪው ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃል፤ ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየበትን ሰዓት፣ የስኳሩን ቁጥርና የተለካበትን ሰዓት፣ ኢንሱሊን ወይም ክኒን ወስዶ እንደ ሆነ። ይህ ሲጻፍ ተቀባዩ ሐኪም ከሦስት ወር በኋላ ያየውን ፈውስ ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ማነጻጸር ይችላል፤ ያለፉትን ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ቢጨመርበት ደግሞ፣ ከቀድሞ የቆየውን የስኳር ሕማም በምቱ ድንጋጤ ከወጣው ስኳር ለይቶ ለማወቅ ይረዳዋል።