ዳኮታ፣ በርሜል እና ኪው 400

ባዶ በርሜል በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ይጮኻል። እርጥብ ጆንያ ጣል አድርጉበትና ድገሙት፤ ድምፁ ይሞታል። የአውሮፕላን አካልም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከቀጭን አሉሚኒየም የተሠራ ትልቅ በርሜል ነው፣ ችግሩ እኛ ውስጡ መቀመጣችን ነው። "ቲቸር፣ ከአርባ ምንጭ ስንበር ፕሮፔለሩ አጠገባችን እየዞረ እንዴት ተሰማማን?" ብሎ በውስጥ መስመር የጠየቀኝ የያቤሎ ልጅ አለ፤ መልሱ ስለሚረዝም ለሁላችሁም ልጻፈው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። አውሮፕላኑ ሲ-47 ነበር፣ ሰዉ ዳኮታ የሚለው። የሚገርመው፣ የዳኮታ ዘር መጀመሪያውኑ ጸጥ እንዲል ተብሎ ነው የተወለደው! በ1933 እ.ኤ.አ. የዳግላስ ኩባንያ ዲሲ-1ን ሲሠራ የስፔሪ ኩባንያው የድምፅ ባለሙያ ስቲቨን ዛንድ ጩኸቱን እንዲቀንስ ተጠራ። ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ነገር ተሞላ፣ ወንበሩ ላስቲክ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ለጥይት ሳጥን ለስላሳ ግድግዳ ማን ያስባል? የወታደሩ ሞዴል፣ ሲ-47፣ ራቁቱን ወጣ።

ጦርነቱ ሲያበቃ እኛ የገዛነው ያንን ራቁቱን ነው። በሁለቱም ጎን ግድግዳውን ተጠግቶ የተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ፣ መሐል ላይ ዕቃ፣ ከውጭ ሁለት ባለ 1,200 ፈረስ ጉልበት ሞተር። አንዳንዱ "ለተሳፋሪ ስላልታሰበ ነው" ይላል፤ እኔ አይመስለኝም። ድምፅ የሚከላከል ነገር ክብደት አለው። ግድግዳውን አንድ ኪሎ ባከበድከው ቁጥር አንድ ኪሎ ቡና ወይም ቆዳ ታወርዳለህ። በአፈር ሜዳ እያረፈ ነገሌን ወደመሳሰሉ ከተሞች ሰውና ዕቃ ለሚያደርስ አውሮፕላን ምርጫው ቀላል አልነበረም። ዋጋውን የከፈለው ግን ጆሮ ነው፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ውስጡ የሚውለው የበረራ ሠራተኛ ጆሮ።

"ታዲያ በኋላ ግድግዳውን አላወፈሩትም?" ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ጋ ደብተር አውጡ። የኪው 400 ፕሮፔለር ስድስት ክንፍ አለው፣ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በደቂቃ 850 ጊዜ ይዞራል። 850 በ6 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 85 ሄርዝ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ቢሄድ፣ አንዱ ሞገድ 4 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር የሆነ ስፖንጅ ለ4 ሜትር ሞገድ ምኑም አይደለም። ቀጭን የነፋስ ፉጨት ይውጣል፣ ያንን ወፍራም እምምም ግን አይነካውም። ክብደቱን እጥፍ ብታደርገው እንኳ በመደበኛው ስሌት የምታተርፈው 6 ዴሲቤል ገደማ ነው።

መፍትሔው ከተገመተው በላይ የቆየ ነው። ፓውል ሉግ የሚባል ጀርመናዊ በ1936 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፓተንት አገኘበት፤ ሐሳቡ ጩኸትን በተቃራኒ ጩኸት ማጥፋት ነው፣ አንዱ ሞገድ ሲወጣ ሌላው እንዲወርድ። ሐሳቡ ነበረ፣ ይህን በፍጥነት የሚያሰላ ኤሌክትሮኒክስ ግን አልነበረም። ስልሳ ዓመት ጠበቀ። በ1990ዎቹ ሳዓብ 340 ላይ ገባ፤ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ካናዳዊው ዳሽ 8 ያዘውና "ኪው" የሚል ፊደል ጨመረ፣ በእንግሊዝኛ "ጸጥተኛ" ለማለት። ኪው 400 ውስጥ ማይክሮፎኖች ያዳምጣሉ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ከዚያ በበርሜሉ የጎድን አጥንቶች ላይ የታሰሩ ትንንሽ ነዛሪዎች አካሉን በተቃራኒው ያንቀጠቅጡታል። ጆንያውን በርሜሉ ላይ እንደመጣል ነው፣ ጆንያው ግን የሚያስብ ጆንያ ነው።

አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን ኪው 400 የተረከበው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከዳኮታ 64 ዓመት በኋላ።

ለጠያቂዬ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዘዴው የሚሠራው ለፕሮፔለሩ እምምታ ነው፣ የነፋሱን ሹክሹክታ አይነካም። ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያለው ወንበርም አሁንም ከሌላው ይጮኻል። ምርጫ ካለህ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። አጥሩ ጋ ቆሞ ለሚሸኝህ ዘመድ ግን ይህ ዘዴ ምንም አይቀንስለትም 😄