ከገባ በኋላ መውጣቱ፦ የሕፃናት የዩሬተር ስቴንት አወጣጥ ታሪክ

ስቴንት የሚባለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሽንት አካላት እንዴት እንደ ገባ በቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ በሰፊው ተጽፏል፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ለአዋቂ ታካሚ ይህ አጻጻፍ እምብዛም አያሳስብም፤ አዋቂ ሰው በሚያደነዝዝ ቅባት ብቻ ታግሦ ቱቦውን በጥቂት ደቂቃ አስወጥቶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላልና። ለሕፃን ግን ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ሕክምና ሆኖ፣ ሁለተኛ ሙሉ ሰመመን፣ ሁለተኛ ምግብ የመከልከል ሌሊትና ሁለተኛ የሆስፒታል ቀጠሮ ስለሚያስከትል፣ የስቴንትን ታሪክ ከመግቢያው ይልቅ በመውጫው በኩል መመርመር የበለጠ ያስተምራል።

ዩሬተር ማለት በኩላሊት የተጣራውን ሽንት፣ ጡንቻማ ግድግዳው እየተኮማተረ ወደ ፊኛ የሚያወርድ ቧንቧ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን በሕይወት ያሉ እንስሳትን ዩሬተር በክር አስሮ፣ ፊኛው ባዶ መቅረቱንና ከእስሩ በላይ ያለው ክፍል መወጠሩን በማሳየት ሽንት ከኩላሊት እንደሚመጣ አረጋግጧል። ጋሌን በክር የፈጠረውን መወጠር አንዳንድ ሕፃናት ይዘውት ይወለዳሉ፤ ኩላሊትና ዩሬተር የሚገናኙበት ቦታ ሲጠብ ሽንቱ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱም እያበጠ ቀስ በቀስ አቅሙን ያጣል። በሌሎች ሕፃናት ደግሞ ዩሬተር ወደ ፊኛ የሚገባበት በር በሚገባ ስለማይዘጋ ሽንቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ይህም ሪፍላክስ ይባላል።

ለእነዚህ ሁለት ችግሮች ዛሬም ድረስ የሚሠራባቸው ቀዶ ሕክምናዎች የተገኙት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። አንደርሰንና ሃይንስ የተባሉ ሁለት የብሪታኒያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1949 የጠበበውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ጤናማዎቹን ጫፎች መልሶ የመስፋትን ዘዴ አሳተሙ፤ ፖሊታኖና ሌድቤተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ዩሬተርን በፊኛው ግድግዳ ውስጥ በአዲስ መንገድ የመትከልን ዘዴ በአሜሪካ አቀረቡ። በሁለቱም ዘዴዎች አዲሱ ስፌት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያብጥ ሽንት የሚያልፍበት ደጋፊ ቱቦ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ቱቦም በጎን ወይም በሆድ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣና ከከረጢት ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ለብዙ ቀናት ከነቱቦው አልጋ ላይ ይቆያል፣ በቁስሉ በኩልም ተዋስያን ሊገቡ ይችላሉ። ሆኖም ጊዜው ሲደርስ ቱቦውን የሚይዘው ስፌት ተቆርጦ፣ ነርስ ወይም ሐኪም ያለ ሰመመን በእጁ ስቦ ያወጣው ነበር። ይህ አሮጌ አሠራር በኋላ የመጣው ረቂቅ ፈጠራ ያጣው አንድ ትልቅ ጥቅም እንደ ነበረው መዘንጋት አይገባም።

ቱቦውን ሙሉ በሙሉ በአካል ውስጥ ለመተው መጀመሪያ ፊኛን ከውስጥ ማየት ያስፈልግ ነበር። ፊሊፕ ቦዚኒ እ.ኤ.አ. በ1806 በፍራንክፈርት በሻማ ብርሃን የሚሠራ መመልከቻ ሠርቶ ነበር፤ ለሥራ የሚመች ሲስቶስኮፕ፣ ማለትም በሽንት መውጫ በኩል ገብቶ ፊኛን የሚያሳይ መሣሪያ፣ የታየው ግን ማክሲሚልያን ኒትሰ እ.ኤ.አ. በ1879 ከመሣሪያ ሠሪው ዮሴፍ ላይተር ጋር በቪየና ባቀረበው ሥራ ነው። ብርሃኑ በኤሌክትሪክ ከጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሙቀቱ ሰውነትን እንዳያቃጥል ውኃ በመሣሪያው ውስጥ መዘዋወር ነበረበት። እንዲህ ያለ ወፍራም መሣሪያ ለሕፃን ጠባብ መንገድ አይሆንም።

የሕፃናትን መንገድ በእርግጥ የከፈተው ሐኪም ሳይሆን ሃሮልድ ሆፕኪንስ የተባለ የብሪታኒያ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው መመልከቻ በአየር የተሞላ ቱቦ ሆኖ በየርቀቱ ቀጫጭን ሌንሶች ይደረደሩበት ነበር፤ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባስመዘገበው ፈጠራ ይህን ገልብጦ ቱቦውን በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ሞላውና በመካከላቸው ጠባብ የአየር ክፍተት ብቻ ተወ። ብርሃኑ በመስታወት ውስጥ ብዙም ሳይባክን ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው ቢቀጥንም ምስሉ ብሩህ ሆኖ ቀረ፤ ጀርመናዊው ካርል ሽቶርትስ በ1960ዎቹ ማምረት ከጀመረ በኋላም ለጨቅላ ሕፃን የሚመጥን ሲስቶስኮፕ መሥራት ተቻለ። የሕፃናት ሽንት ቀዶ ሕክምና ለዚህ ሰው ያለበት ውለታ ከሚነገርለት እጅግ ይበልጣል።

በዚያው አሥርት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ዚምስኪንድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቀጥ ያለ የሲሊኮን ቱቦ በሲስቶስኮፕ አማካይነት በዩሬተር ውስጥ አስገብተው ለረጅም ጊዜ ማቆየት እንደሚቻል አሳዩ። ሲሊኮን ከአካል ጋር የሚስማማ ለስላሳ ነገር ቢሆንም ቀጥ ያለው ቱቦ የሚይዘው ነገር ስላልነበረው ወይ ወደ ፊኛ ይወድቅ ወይ ወደ ላይ ይሸሽ ነበር። ጊቦንስ በ1970ዎቹ በቱቦው ጎን ላይ እንደ እሾህ የወጡ ትናንሽ መያዣዎችን በመጨመር መውደቁን ለማስቆም ሞከረ፤ መያዣዎቹ ግን ቱቦውን ስላወፈሩት ማስገባቱ ከባድ ሆነ። መፍትሔው የመጣው ፊኒ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራ ሲሆን፣ በእርሱ ቱቦ ሁለቱም ጫፎች በላቲኑ ጄ ፊደል አምሳል ስለሚታጠፉ ደብል ጄ ተብሎ ተጠራ። ቱቦው በቀጭን መሪ ሽቦ ላይ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ሽቦው ሲወጣ ጫፎቹ ወደ ተፈጥሮ ቅርጻቸው ተመልሰው አንዱ በኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው በፊኛ ውስጥ ይጠቀለላሉ።

ይህ መጠቅለል ቱቦውን በቦታው ያጸናውን ያህል፣ መውጫውንም ዘግቶታል። ከቆዳ ውጭ የሚታይ ነገር ስለሌለ ሕፃኑ ያለ ከረጢት ቶሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቱቦው ግን በውስጡ ነው። የሕፃናቱ ስቴንት ውፍረት በአብዛኛው ከ3 እስከ 4.8 ፍሬንች ነው፤ ፍሬንች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፓሪሱ መሣሪያ ሠሪ ሻርየር ያስለመደው መለኪያ ሲሆን 3 ፍሬንች 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቱቦው ስፌቱ ከጠገገ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ይወጣል። ሕፃኑ እንዲተኛ ይደረግና ሲስቶስኮፕ በሽንት መውጫው ገብቶ፣ በፊኛ ውስጥ ያለው ጥቅልል በትንሽ መቆንጠጫ ተይዞ ይሳባል፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ፣ ዝግጅቱና ሰመመኑ ግን የአንድ ቀን ሙሉ ጉዳይ ናቸው።

የሰመመኑ ጉዳይ በ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይበልጥ ክብደት አገኘ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጥ ተደጋጋሚ ወይም ከ3 ሰዓት በላይ የሚቆይ ሰመመን የአእምሮ እድገትን ሊነካ እንደሚችል አስጠነቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከአንድ ሰዓት ያነሰ አንድ ሰመመን በጨቅላነታቸው የወሰዱ ልጆች በ5 ዓመታቸው ከሌሎቹ የተለየ ጉዳት እንዳልታየባቸው በማሳየቱ ወላጆችን አጽናንቷል፤ ስቴንት ያለበት ሕፃን ጥያቄ ግን በትክክል የመደጋገም ጥያቄ ነበር።

ስለዚህም ሁለተኛውን ሰመመን ለማስቀረት የተሞከሩት መንገዶች የዚህ ታሪክ ዋና ክፍል ሆኑ። በጣም ቀላሉ ክር ነው፤ በታችኛው ጫፍ ላይ የታሰረ ቀጭን ክር በሽንት መውጫው በኩል ወጥቶ በቆዳ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ጊዜው ሲደርስም ነርስ ወይም የሠለጠነ ወላጅ ስቦ ያወጣዋል። ሕፃኑ ክሩን ሳያስበው ቀድሞ ሊስበው ስለሚችል ብዙ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አመነቱ፤ ፍርሃቱ መሠረት ቢኖረውም ለሁሉም ሕፃን ሰመመንን ግዴታ ለማድረግ የሚበቃ አይመስልም። ሌላው መንገድ ማግኔት ነው፦ ማካሉሶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ጫፉ ላይ በማግኔት የሚሳብ ብረት ያለበትን ስቴንት አቀረቡ፤ ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ሲያገኝ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። በጊዜው ብዙም ያልተስፋፋው ይህ ሐሳብ ከዓመታት በኋላ በሕፃናት ሕክምና ዘንድ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ሦስተኛው መንገድ ወደ ኋላ የተመለሰ ነው፤ አንዳንድ ሐኪሞች ቱቦውን እንደ ቀድሞው በኩላሊትና በጎን ቆዳ በኩል አውጥተው፣ በተመላላሽ ክፍል ያለ ሰመመን ይስቡታል።

ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች የአወጣጡ ምርጫ ከምቾት በላይ ነው። በቀጠሮው ያልወጣ ስቴንት በሽንት ውስጥ ያሉ ጨዎች እየተጣበቁበት ድንጋይ መሰል ቅርፊት ያበቅላል፤ ይህ ሲሆን ጥቅልሉ አልዘረጋ ስለሚል ድንጋዩን መስበርና አንዳንዴም ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከቆዳ ላይ የሚታይ ክር ወይም ቱቦ ወላጅን በየቀኑ ያስታውሳል፤ የማይታየው ግን የሚታወሰው በሆስፒታሉ መዝገብና በወላጁ የቀጠሮ ወረቀት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ተስፋ ራሱ የሚሟሟ ስቴንት ነው። በዚህ አቅጣጫ የተሠሩ ቱቦዎች በእንስሳት ላይ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በአዋቂዎች ላይ ተሞክረዋል፤ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ቱቦው እንደታሰበው ቢጠፋም፣ በጥቂቶቹ ስብርባሪው በሽንት መንገድ ውስጥ ቀርቶ እንደገና ሕክምና አስፈልጓቸዋል። የአዋቂ ዩሬተር የሚያሳልፈው ቁራጭ በሕፃን ጠባብ ዩሬተር ውስጥ ሊወተፍ ስለሚችል፣ ተመራማሪዎቹ የሚያተኩሩት ቱቦው ከላይ ጀምሮ ሳይሆን ከፊኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየሟሟ እንዲሄድና ቁራጮቹ ከመውጫው በላይ እንዳይታገቱ በማድረግ ላይ ነው።