ጎተራ በጥር ይሞላል

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ማግስት፣ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ገበያ ወጣሁ። መውጣት ብቻ አይደለም፤ ተጋፋሁ። ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ካርቶን ፓስታ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር አስጭኜ ገባሁ። ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ባለቤቴ ነን። ባለቤቴ ከረጢቶቹን ዐየችና፣ "ጦርነት አለ እንዴ?" አለችኝ። "ድንገት ሁሉ ነገር ቢዘጋስ?" አልኳት። "አሁን ነው ትዝ ያለህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ማታ ላይ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤታችን መጣች። ሁልጊዜ የምትገዛውን ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ፍለጋ ሦስት ወፍጮ ቤት ዞራ ባዶ እጇን መመለሷን ነገረችን። "ጋሼ፣ ሰዉ እኮ ጠራርጎ ወሰደው" አለች። ይህን ስትል ዐይኗ ሳሎኑ ጥግ የተደረደሩት ከረጢቶች ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም።

ያ ዝምታ ይከነክነኛል። መቼም እህል ማስቀመጥ ነውር ሆኖ አይደለም። እኔ ራሴ የጎተራ ቤት ልጅ ነኝ። ምንጃር የነበረው የአያቴ ቤት ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ጎታ በግድግዳው ጥግ ተገትሮበት ነበር። ውጭ ደግሞ ምስጥና እርጥበት እንዳይደርስበት በድንጋይ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በእበት የተለቀለቀ ጎተራ አለ። በሶው በስልቻ፣ ድርቆሹ በእንቅብ፣ ቋንጣው በገመድ ላይ፣ ሽሮና በርበሬው በየእንስራው ነው። ከምድጃው በላይ ለዘር የተመረጠ የማሽላ ዛላ ጭስ እየጠጣ ተንጠልጥሏል። ይህን ሁሉ የአደጋ ጊዜ ክምችት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። የወጉ ቤት እንዲህ ነበር፤ በቃ።

ነገሩ ዕውቀት ነበረበት። ጤፍ ከሌላው እህል ይልቅ የሚቆየው ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ ገብቶ የሚራባበት ስለሌለው ነው። ድርቆሽና በሶ እርጥበት ስለሌላቸው አይሻግቱም። የሐረርጌ ገበሬ ደግሞ ማሽላውን አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይደፍነዋል። ታፍኖ የተቀመጠው እህል ሲተነፍስ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ነቀዙም አብሮ ይታፈናል። ጉድጓድ ሲከፈት ማንም ሰው ዘሎ የማይገባው ለዚህ ነው፤ ሳይናፈስ የገባ ሰው ሊሞት ይችላል። ጉድጓድ የሰነበተ እህል የመብቀል ኃይሉ ስለሚደክም ዘር ለብቻው ይቀመጣል። ገበሬው ዘሩን መብላት ከጀመረ ክፉ ቀን በሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ጉድጓድ ግን እህልን ከነቀዝ ብቻ ሳይሆን ከዐይንም ይሰውራል። በታሪካችን ውስጥ የጎተራ ጠላት ድርቅና አንበጣ ብቻ አልነበረም። በገበሬው ቤት የሚሰፍረው ወታደር ነበር፤ ለመልእክተኛና ለመንገደኛ ሹም የሚወጣው ድርጎ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ ወታደሩ ደመወዝ እያገኘ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ለማድረግ ሞክረው ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ አልዘለቀም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጎንደርን ሳይቀር ያስዘረፉት ያው እሳቸው ናቸው። ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚያስብ ገበሬ ወይ ይቀብራል፣ ወይ ከነጭራሹ አብዝቶ አያርስም። ጎተራ የሚሞላው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ በመተማመንም ነው።

የሞላ ጎተራም ቢሆን ልክ አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ያሳየን ይህንኑ ነው። ጣሊያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ የሚታመነው የደስታ በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹ ተከተለ። ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው አበሉ፤ በሬ የሌለው ሰው በእጁ ይቆፍር ዘንድ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው አሳዩ። በጎተራ ውስጥ ያለው የአምናው እህል ነው፤ በሬው ሲያልቅ ግን የሚመጣው ዓመት እህልም አብሮ አለቀ። ጎተራ ቀን ያሻግራል እንጂ ዘመን አያሻግርም።

ስለ እህል ይህን ካልን፣ ውሃን የረሳ ሰው የደረሰበትንም እናስታውስ። ከአድዋ ድል ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በጥር 1888 ዓ.ም.፣ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ጥይትም ምግብም ነበረው። ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያንን ዐውቀው ሰው አሰልፈው ምንጩን አስያዙበት። በውስጡ የቀረው ውሃ በስፍር ታደለ፤ ከዚያም አለቀ፤ ምሽጉ ተለቀቀ። ድፍን ግንብ፣ ከነመድፉ፣ በውሃ ጥም ተፈታ። የእኛን ኮንዶሚኒየም ሳይ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። ምንጫችን ከግንባችን ውጭ ነው።

ወደ ጎተራው ልመለስ። በደርግ ዘመን ገበሬው በኮታ እህሉን መንግሥት በወሰነው ዋጋ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜም ነበር። በከተማ እኛ በቀበሌ ካርድ ስኳር እየተሰለፍን፣ ቤቱ ውስጥ ትርፍ የተገኘበት ሰው በአሻጥረኛነት ይታይ ነበር። "አከማቸ" የሚለው ቃል ስድብ የሆነው ያኔ ነው። አያቴ ጎታዋን ባዶ አድርጋ ለሚያይ ሰው ክፍት ተወችው፤ ጤፏን አልጋዋ ሥር ቆፍራ ቀበረች። የገዛ እህሏን እንደ ሌባ ደበቀች።

በ1977 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ እሷ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከሰሜን በረሃብ የተፈናቀሉ ሰዎች በመንገዱ ያልፉ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች የያዘች እናት አጥሩ ሥር ተቀመጠች። አያቴ ጥቂት አመነታች። እህል ካወጣች መኖሩ ይታወቃል። ከዚያ አልጋዋን ገፋ አድርጋ ጉድጓዱን ከፈተችው። እኔ በጣም ፈራሁ። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ቁና ሙሉ ሽምብራ ይዛ መጣች፤ ሌላዋ ዱቄት አመጣች። ለካ ሁሉም ጉድጓድ ነበረው! እንዲያውም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ ማታ ተደብቆ ገብስ ላከ። መንደር ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ተደባብቆ ከርሞ ነበር።

ስለ ክምችት ሲነሳ ሰባኪዎቻችን ዮሴፍን ይጠቅሳሉ፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት። ደግ ያደርጋሉ። ግን ኦሪት ዘፍጥረትን እስከ ምዕራፍ 47 ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። ሕዝቡ በመጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሰጥቶ ነው እህል የበላው። ከረሃብ ዳነ፤ ባሪያ ሆነ። እህሉ ሁሉ አንድ ጎተራ ውስጥ ሲሆን የሚከተለው ይህ ነው። የመንግሥት ጎተራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከወሎ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የመጠባበቂያ እህል ክምችት፣ የረድኤት ድርጅቶች እርዳታው እስኪደርስ ተበድረው የሚመልሱት መሆኑ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ግን ትልቁ ጎተራ የትናንሾቹ አጋዥ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባም።

ዛሬ በየቤታችን ምን አለ? ከተሜው ከሱቅ በኪሎ፣ አንዳንዱም በብርጭቆ እየገዛ ይኖራል። አቅም ያጣውን አልወቅስም፤ የዕለት ጉርሱን የሚያሳድድ ሰው ክምችት ከየት ያመጣል? የምናገረው እንደ እኔ ላለው፣ ለሠርግና ለልደት ድግስ ለማይሰንፈው ነው። ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ማሰሮ ሽሮ፣ ጥቂት ድርቆሽና ቆሎ ቤት አያጣብብም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ሥራው ጀሪካኑን ማጠብ፣ መክደን፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። በአደጋ ጊዜ የእርዳታ ሠራተኞች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ብለው ያሰላሉ። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን ወደ አራት ጀሪካን መሆኑ ነው። ቁጠሩትና ቤታችሁን እዩ።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜው ነው። እህል አዲስ ገብቶ ገበያው ሲረግብ፣ በጥር፣ ያስቀመጠ ሰው ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም በነሐሴ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ይቀንሳል። ሁሉ በሚሻማበት ቀን የሚሰበስብ ግን የሚያከማቸው የጎረቤቱን ድርሻ ነው። በዚያ መጋቢት እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰውዬ፣ ከተቃጠለ በኋላ የሰው ቅጠል ነጠቅሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት አንዱን ኩንታል በጋሪ አስጭኜ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ወሰድኩላት፤ ባለፈው ሳምንት በገዛችበት ዋጋ። ገንዘቡን ሁለቴ ቆጥራ ሰጠችኝ፤ ቀና ብላም፣ "የአያትዎ ነፍስ ይማር" አለች። ለካ ባለቤቴ ሁሉንም ነግራት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ጤፌን የምገዛው በጥር ነው። አንድ ኩንታል ብቻ።