ጨው የት ይሄዳል? ከፍግ ክምር እስከ መኪና እጥበት

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ጥቁር መኪና ታጥባ በር ላይ ቆማለች። ጭቃው ወርዷል፣ ሳሙናው ተለቅልቋል፣ ጎማው ሳይቀር በብሩሽ ተፈትጓል። ባለቤቱ እጁን አድርቆ ቡናውን ሊጠጣ ገባ አለ። ሁለተኛውን ሲኒ ጨርሶ ሲወጣ መኪናዋ ኩፍኝ እንደወጣበት ልጅ ነጠብጣብ ሆና ትጠብቀዋለች፤ ልዩነቱ የዚህኛው ነጭ መሆኑ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የሳሙናው? የስፖንጁ? የለም። ጥፋቱ ውሃው ሲሄድ ትቶት የሄደው ነገር ነው።

ውሃ ብቻውን አይጓዝም። በአፈርና በድንጋይ መሐል ሲያልፍ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ሶዲየሙን፣ ሲሊካውን እያሟሟ ይዞ ይመጣል። በአንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ውስጥ 200 ወይም 300 ሚሊግራም የሟሟ ማዕድን ቢገኝ ብርቅ አይደለም። ለጤና ክፋት የለውም፣ በዓይንም አይታይም። ችግሩ ውሃው ሲተን ማዕድኑ አብሮ መትነን አለመቻሉ ነው። በማንቆርቆሪያችን ታች የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና በመኪናዋ ኮፈን ላይ የቀረው ነጥብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቶሎ ካልተጠረገ ደግሞ ፀሐይ ታጋግረውና በጥፍር እንኳ አልለቅ ይላል።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ መኪናቸውን በግቢያቸው የሚያጥቡ ሰዎች ለዚህ ነገር መላ አላቸው። ቧንቧውና የውሃ ጎማው መሐል አንድ ወይም ሁለት ረዣዥም ሲሊንደር ይገጥማሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ የዓሣ ዕንቁላል የሚያካክሉ ቢጫና ቡናማ ፍሬዎች ታጭቀዋል። ከቧንቧ የገባው ውሃ በእነዚህ ፍሬዎች መሐል አልፎ ሲወጣ ማዕድኑ ተወስዶበት ነው። መኪናዋን በዚህ ውሃ አለቅልቀው ሳይጠርጓት ትተዋት ይገባሉ፤ ስትደርቅ አንድም ነጥብ የለባትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ብልሃት ከየት መጣ? የተወሰደው ጨውስ የት ሄደ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ስለዚህ ሳይንስ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 መነሣት ይወዳሉ። እስራኤላውያን ማራ ሲደርሱ ውሃው መራራ ሆነባቸው፤ ሙሴ ዕንጨት ጣለበትና ጣፈጠ። ዕንጨቱ የውሃውን ጨው ስቦ ሊሆን ይችላል ይላሉ ኬሚስቶቹ። እኔ ተአምርን በኬሚስትሪ ለማስረዳት ድፍረቱ የለኝም። ስለዚህ በማራ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ፤ የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከፍግ ክምር ነው።

በ1840ዎቹ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ሃሪ ስቲቨን ቶምፕሰን የሚባል ባለርስት ነበር። ሰውየውን ያሳሰበው የማንኛውም ገበሬ ጭንቀት ነው። ፍግ እርሻ ላይ ይበተናል፤ ዝናብ ይመጣል። ታዲያ ለሰብሉ የሚጠቅመው አሞኒያ ከዝናቡ ጋር ታጥቦ ይሄዳል ወይስ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል? በ1845 ከዮርኩ መድኃኒት ቀማሚ ከጆሴፍ ስፔንስ ጋር ሆኖ ነገሩን ፈተኑት። አፈር ከአሞኒየም ሰልፌት ጋር ደባልቀው በረዥም ብርጭቆ ውስጥ አጨቁና ከላይ ውሃ አፈሰሱበት። ከታች የወጣው ግን ያስገቡት ነገር አልነበረም። አብዛኛው ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም እኛ ጀሶ የምንለው ሆኖ ተገኘ። አፈሩ አሞኒያውን አስቀርቶ በምትኩ የራሱን ካልሲየም ሰጥቷል። ዝም ብሎ አላጣራም፤ ተገበያይቷል!

ቶምፕሰን ውጤቱን በ1850 አሳተመ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የግብርና ማኅበር አማካሪ ኬሚስት የነበረው ጆን ቶማስ ዌይ ነገሩን ተረከበና በ1850 እና በ1852 ሰፋፊ ጥናቶች አወጣ። ዌይ ያሳየው ግብይቱን የሚያካሂደው በአፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ መሆኑን፣ ልውውጡም ፈጣንና በሚዛን የተሰፈረ መሆኑን ነው። የሸክላ ቅንጣት ከሰጠው በላይ አይቀበልም፣ ከተቀበለውም በላይ አይሰጥም። ዌይ በአንድ ነገር ግን ተሳስቷል። ልውውጡ አንዴ ከሆነ የሚመለስ አልመሰለውም ነበር። በ1858 አይክሆርን የሚባል ጀርመናዊ እንደሚመለስ አሳየ። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ ትፈለጋለች።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ1905 በርሊን ውስጥ ሮበርት ጋንስ የተባለ ኬሚስት የአፈሩን ሥራ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ማዕድን ለውሃ ማለስለሻ አዋለ። ፐርሙቲት ተባለ፤ መሠረቱ በላቲን መለዋወጥ ማለት ነው። ኖራ የበዛበት ውሃ በላዩ ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይቀበልና ሶዲየም ይሰጣል። ሲጠግብ የገበታ ጨው ውሃ ይለቀቅበታል፤ አይክሆርን እንዳለው ልውውጡ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ማዕድኑም እንደገና ለሥራ ይነሣል። ለእንፋሎት ማፍያና ለልብስ አጣቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ማፍያው ቅርፊት መጋገሩን አቆመ፣ ሳሙናውም መኩረፍ ጀመረ።

መኪና አጣቢውን ግን አላዳነውም። ለምን ቢሉ፣ ውሃው ጨው ለወጠ እንጂ ጨው አልጣለም። ካልሲየም ገብቶ ሶዲየም ወጣ። ውሃው ሲደርቅ ነጥቡ እዚያው አለ፤ ከድሮው የሚሻለው በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ ቶሎ መልቀቁ ነው። ዛሬም ቤታቸው የውሃ ማለስለሻ ያስገጠሙ ሰዎች "ታዲያ መኪናዬ ለምን ነጠብጣብ ያወጣል?" ብለው ሲገረሙ መልሱ ይኸው ነው።

መፍትሔው የመጣው በ1935 ነው። በለንደን አጠገብ በቴዲንግተን የኬሚካል ምርምር ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሁለት እንግሊዛውያን፣ አዳምስና ሆልምስ፣ ሰው ሠራሽ ሙጫ የሸክላን ሥራ እንደሚሠራ አወቁ። መነሻ የሆናቸው የተፈጨ የግራሞፎን ሸክላ ነው ተብሎ ይተረካል። ይህ ወግ በእንግሊዝኛ ሲነገር ተራ ነው፤ በአማርኛ ግን ግጥምጥሞሹ ያምራል። በዌይ ብርጭቆ ውስጥ ጨው ሲለዋወጥ የነበረው ሸክላ ነው፤ ሰማንያ አምስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ሥራ ሲሠራ የተገኘውም ሸክላ ነው፤ የዘፈን ሸክላ!

የአዳምስና የሆልምስ ትልቁ ድል ግን ሁለት ዓይነት ሬዚን መሥራታቸው ነበር። አንደኛው እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉትን አዎንታዊ አዮኖች ይዞ ሃይድሮጂን ይለቃል። ሁለተኛው እንደ ክሎራይድና ሰልፌት ያሉትን አሉታዊ አዮኖች ይዞ ሃይድሮክሳይድ ይለቃል። ሃይድሮጂኑና ሃይድሮክሳይዱ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? ውሃ! ጨው ገባ፣ ውሃ ወጣ። ቶምፕሰን በአፈሩ ያየው ገበያ አሁንም እንደቆመ ነው፤ የተለወጠው በምላሹ የሚሰጠው ሸቀጥ ነው። እሳት ሳይነድ፣ እንፋሎት ሳይጠራቀም፣ የተጣራ አረቄ ያህል ንጹህ ውሃ ከቧንቧ ማግኘት ተቻለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1944 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ጋታኖ ዳሌሊዮ ከፖሊስታይሪን ለሚሠራው ጠንካራ ሬዚን የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው፤ በመኪና አጣቢዎቹ ሲሊንደር ውስጥ ያሉት ፍሬዎች የዚያ ዘር ናቸው። በ1945 በኦክ ሪጅ የአቶም ቦምቡ ፕሮጀክት ኬሚስቶች በዚሁ የልውውጥ ዘዴ ፕሮሜቲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከጦርነቱ በኋላ ሬዚኑ ወደ ኃይል ማመንጫ፣ ወደ መድኃኒት ፋብሪካ፣ ቆይቶም ወደ ኮምፒዩተር ቺፕ ፋብሪካ ገባ። እኛም ጋ ቢሆን እንግዳ አይደለም። ጋራዥ ሄዶ የማያውቅ ካልሆነ በቀር የባትሪ ውሃ ያላየ ማን አለ? በፕላስቲክ የሚሸጠው ያ ውሃ ወይ ተተንኖ የተጠራቀመ ነው፣ ወይ በእንዲህ ያለ ሬዚን ያለፈ ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ባትሪውም የሌላ ሰው ጨው አይፈልግም።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ሬዚኑ ሥራውን ያውቃል፣ ግን ቶሎ ይጠግባል። ሁለቱ ዓይነት ፍሬ የተደባለቀበት አንድ ሊትር ሬዚን በደምሳሳው ሃያ አምስት ግራም ማዕድን ይይዛል ብንል፣ አሥር ሊትር ሬዚን ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ይይዛል። የቧንቧው ውሃ በሊትር 300 ሚሊግራም ካለው ስምንት መቶ ሊትር ገደማ አጥርቶ ያበቃል ማለት ነው። መኪናውን ከጭቃ እስከ ሳሙና በዚህ ውሃ የሚያጥብ ሰው ሬዚኑን በጥቂት ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ብልሁ አጣቢ ጭቃውንና ሳሙናውን በተራ ውሃ ያወርድና የተጣራውን ለመጨረሻው መለቅለቂያ ብቻ ያስቀምጠዋል። ለዚያ አርባ ሊትር ቢበቃው ሃያ ጊዜ ያህል ያለቀልቅበታል። መጥገቡን የሚያውቀው በትንሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ መውጣት ሲጀምር ገበያው ተዘጋ ማለት ነው።

ከጠገበስ በኋላ? ያስያዝኳችሁ የአይክሆርን ነጥብ እዚህ ትመጣለች። ልውውጡ ይመለሳል፤ ግን በነፃ አይመለስም። ለዚህ ሬዚን የገበታ ጨው አይበቃውም። ሁለቱ ዓይነት ፍሬዎች መጀመሪያ ይለያያሉ፣ ከዚያ አንዱ በአሲድ፣ ሌላው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ሁለቱም ቆዳና ዓይን የሚያቃጥሉ ናቸውና በግቢ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው የጠገበውን ሬዚን ይጥለዋል፣ ወይም ለሚያድሱ ድርጅቶች ይመልሰዋል። በማደሻውም ከመኪናው የዳነው ጨው፣ ከአሲዱና ከሶዳው ከተወለደው ተጨማሪ ጨው ጋር ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው ይባል የለ? ጨውም እንደዚያው ነው። ከዓይናችን ይርቃል እንጂ አይጠፋም።

ይህ ነገር ፍልስፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ አላደክማችሁም ነበር። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ሳንታ ክላሪታ የምትባል ከተማ አለች። በሸለቆው ኖራ የበዛበት ውሃ የሰለቻቸው ነዋሪዎች በየቤታቸው በጨው የሚታደስ ማለስለሻ አስገጠሙ። እያንዳንዱ ማለስለሻ ሲታደስ የጨው ውሃውን ወደ ፍሳሽ መስመር ይለቃል። የፍሳሽ ማጣሪያው ቆሻሻውን ይይዛል፣ ክሎራይድን ግን አይዝም። ክሎራይዱ ወደ ሳንታ ክላራ ወንዝ ገባ። ወንዙ ደግሞ ወደ ቬንቱራ ይወርዳል፤ በዚያ ያሉ ገበሬዎች አቮካዶና እንጆሪ ያመርታሉ፣ እነዚህ ተክሎች ደግሞ በክሎራይድ ቅጠላቸው ይቃጠላል። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በኅዳር 2008 የሸለቆው መራጮች ማለስለሻዎቹ ከየቤቱ እንዲነሡ በድምፃቸው ወሰኑ። የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2009 ሌሎች አካባቢዎች ተመሳሳይ እርምጃ መውሰድ እንዲችሉ ሕግ አወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ይህ ሳይንስ የተወለደው ገበሬ ለማሳው ተጨንቆ በጠየቀው ጥያቄ ነው። አንድ መቶ ስድሳ ዓመት በቤተ ሙከራና በፋብሪካ ዞሮ ዞሮ የመጣው መልሶ ገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን እንደ ዕዳ። ቶምፕሰን "ያፈሰስኩት ነገር የት ይሄዳል?" ብሎ ጠየቀ። ሳንታ ክላሪታ ላይ ብርጭቆው እንዲያንጸባርቅ የፈለገው ሰው ይህንን ጥያቄ ረስቶት ነበር። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ብልሃቱ ጥሩ ስለሆነ ነው፤ ጥሩ ብልሃት የሚሠራውን እንጂ የሚተወውን አያሳይም።

ታዲያ መኪናችንን አንጠብ? እንጠብ እንጂ! አርባ ሊትር የተጣራ ውሃ ወንዝ አይገድልም። የአንድ ግቢ ሬዚን ከአንድ ከተማ ማለስለሻ ጋር አይወዳደርም። ከዚህም የሚቀልለውን ከፈለጋችሁ፣ በጥላ አጥቦ ሳይደርቅ በጨርቅ ማበስ ለነጠብጣቡ አንጋፋው መድኃኒት ነው፤ ጨርቁ ሲጨመቅ ጨዉም አብሮት ይወጣል። ሬዚን የሚገዛ ግን ሲጠግብ የት እንደሚያደርሰው ሳይገዛው በፊት ይጠይቅ።

አባቶቻችን ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይላሉ። በጥቁሯ መኪና ላይ የቀረው ነጥብም የማይጣፍጥ ጨው ነውና እንደ ድንጋይ እንወረውረዋለን። መወርወሩ መብታችን ነው። ብቻ ከመወርወራችን በፊት ከግንቡ ማዶ ማን እንደሚያርስ ብቅ ብለን እንይ።

ቸር ቅዳሜ ይሁንላችሁ!